ዩሪያ ቅባት ለተረከዝና ለጥፍር፦ መጀመሪያ ቁጥሩን አንብቢ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኩዌት ነው፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። እናቴ ወልድያ ናት። ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ተረከዟ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። እዚህ ፋርማሲ ገብቼ ለደረቅ እግር ስላቸው 40 ፐርሰንት ዩሪያ የሚል ቅባት ሰጡኝና በሰው ላኩላት። ማታ ማታ ተቀብታ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ከላይ ካልሲ ታደርጋለች። መጀመሪያ ለስልሶላት ነበር። አሁን ግን ተረከዟ ነጭ ሆኖ እየተላጠ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ቀይ ሥጋ ታይቷል። ደግነቱ አያመኝም ትላለች። አጎቴ ደግሞ 'ዩሪያማ ማዳበሪያ ነው፣ እኛ ጋ በኩንታል አለ' ብሎ ከቫዝሊን ጋር ሊያዋህድላት ነው። የእኔም የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ወፍሮ ቢጫ ሆኗል። ይኸው ቅባት ፈንገስ ያጠፋል ሲሉ ሰምቼ ልጀምር ነበር። ምን ትላለህ?»

መልስ፦ መጀመሪያ ለእናትሽ ደውይ። ቅባቱን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ፌስታሉም ይቅር። አጠገባቸው ያለ ሰው እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ አጥቦ የተረፈውን ቅባት ያስለቅቅላቸው። ሥጋ የታየበትን ቦታ በንጹሕ ፋሻ ሸፍነው ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቀሪውን ከደወልሽ በኋላ ታነቢዋለሽ።

ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ «ደግነቱ አያመኝም ትላለች» የሚለው ነው። የስኳር ሕመም ለዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ሥጋው የታየ ተረከዝ ማመም ነበረበት። ካላመማቸው ነርቩ ደክሞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እግር ላይ ቁስል ድምፁን አጥፍቶ ይሰፋል፤ አንዳንዴ አጥንት እስኪደርስ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ቁስሉን አሳይተው ብቻ አይመለሱ። የእግራቸው ስሜትና የደም ዝውውር እንዲመረመርላቸው ይጠይቁ። ቁስሉ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ቀልቶ ከሞቀ፣ ጣት ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ነገን አይጠብቁ። ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ቅባቱ። ዩሪያ መምረጥሽ ስሕተት አልነበረም። ስኳር ላለበት ሰው ደረቅ ተረከዝ ከሚሰጡ ቅባቶች ውስጥ ጥሩ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ እኔም ብጠየቅ እሱኑ ነበር የምሰጠው። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው።

ዩሪያን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ጉበት ከፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፣ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ጤነኛ ቆዳ ውስጥም አለ። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ውኃ ይዞ እንዲቆይ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ነው። ቆዳ ሲደርቅ መጠኑ ቀንሶ ይገኛል። እስከ 10 ፐርሰንት ያለው ቅባት ይህንን የጎደለውን ይተካል፤ ውኃ ይስባል፣ የሳበውን ይይዛል። 20 እና 25 አካባቢ ሲደርስ ከማለስለሱ ጋር የደረቀውን የሞተ ቆዳ ማላቀቅ ይጀምራል። 40 ላይ ግን ሌላ መድኃኒት ሆኗል ብትይ ይሻላል። የቆዳና የጥፍር ጥንካሬ የሚመጣው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። 40 ፐርሰንት ዩሪያ የዚህን ፕሮቲን ትስስር ይፈታዋል። የቆዳ ሐኪሞች የታመመ ጥፍርን ያለ ቢላ የሚያወልቁት በዚሁ ነው።

እናትሽ እንግዲህ ጥፍር የሚያወልቀውን ቅባት ተረከዛቸው ላይ በፌስታል አሽገው ሲያድሩበት ነው የከረሙት። ፌስታሉ ሙቀትና እርጥበት ያምቃል፣ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ነጭ ሆኖ መላጡ የዚህ ውጤት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ልስላሴም ያሞኛል። የሞተው ቆዳ ሲያልቅ መድኃኒቱ ሥራውን አያቆምም፤ ወደ ደኅነኛው ይቀጥላል።

40 ፐርሰንት ማለት በ100 ግራም ቅባት ውስጥ 40 ግራሙ ዩሪያ ነው ማለት ነው። ወደ ግማሽ ይጠጋል። ሰው ግን ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት ያነበዋል፤ 40 ካለ ከ10 አራት እጥፍ የተሻለ ይመስለዋል። ፋርማሲ ስትገቢ «ለደረቅ እግር» ብቻ አትበይ። «ስኳር ላለባት እናቴ ተረከዝ» በይ። ያቺ አንዲት ቃል የሚሰጥሽን ቱቦ ትቀይረዋለች።

አጎትሽ በኬሚስትሪው አልተሳሳቱም። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ዩሪያና ቅባቱ ውስጥ ያለው ዩሪያ ሞለኪዩሉ አንድ ነው። ፍሪድሪክ ቮለር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1828 እ.ኤ.አ. ላቦራቶሪ ውስጥ ከሠራው ወዲህ ዩሪያ ከሽንት ብቻ የሚገኝ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ዛሬ ለእርሻውም ለመድኃኒቱም በፋብሪካ ይመረታል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። የማዳበሪያው ፍሬ ለቆዳ ተብሎ አልተጣራም። ባዩሬት የሚባል ተረፈ ምርት አለበት፤ እንዳይጋገር የተጨመረበት ነገርም ሊኖር ይችላል። በዚያ ላይ መጋዘን ውስጥ ከምን ጋር እንደዋለ አይታወቅም። መጠኑም አለ። ከረጢቱ ላይ 46 የሚለው የናይትሮጅኑ ነው። ፍሬው ራሱ ግን ከሞላ ጎደል መቶ በመቶ ዩሪያ ነው። ቤት ውስጥ በማንኪያ እየለኩ 10 ፐርሰንት ላይ ማረፍ አይቻልም። አንዱ ጋ ተሰብስቦ፣ ሌላው ጋ ሳስቶ፣ ፍሬው ሳይሟሟ ቁስል ላይ ይቀራል። አጎትሽን በትሕትና እምቢ በያቸው፤ ኩንታሉ ለጤፉ ይሁን።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲድንና ያያቸው ባለሙያ ሲፈቅድ እናትሽ 10 ፐርሰንት ዩሪያ ያለው ቅባት ይጀምሩ። ጠዋትና ማታ በቂ ነው። እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ታጥበው፣ በጣቶቻቸው መሀል ሳይቀር አድርቀው፣ ቆዳው ገና ወዙ ሳይጠፋ ይቀቡ። የውኃውን ሙቀት በእግራቸው አይለኩት፤ እግራቸው ሊዋሽ ይችላል። በክርናቸው ወይም በሌላ ሰው እጅ ይለኩ። መጠኑን በጣት ነው የምንለካው። ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው እጥፋት የተጨመቀ ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ለአንድ እግር ሁለት እንዲህ ያለ ይበቃል። በጣቶች መሀል ጭራሽ አይቀባም። እዚያ ቦታ እርጥበት አይጠፋም፣ ቅባት ሲጨመርበት ይበሰብሳል፣ ፈንገስም የሚወደው እሱን ነው። ማታ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ማድረግ ይችላሉ። ፌስታል ግን በ10 ፐርሰንቱም ቢሆን አልፈቅድም።

የተከፈተ ስንጥቅ ካለ ዩሪያ እዚያ ውስጥ አይገባም። ሌላ ሰው ቢሆን ያቃጥለውና እጁን ይሰበስብ ነበር፤ እናትሽ ግን ላይሰማቸው ይችላል። ስንጥቁ እስኪዘጋ እዚያ ላይ ቫዝሊን ይበቃል። ተረከዙ ከዳር ዳር በጣም የወፈረ ከሆነ ከ20 እስከ 25 ፐርሰንት ያለው ሊያስፈልግ ይችላል። እሱን ግን እግራቸውን በዓይኑ ያየ ባለሙያ ይወስን። እኔ ከዚህ ሆኜ አላዝም።

ምላጭ ነገርም ላንሳ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ስላለ። የወፈረ ተረከዝ በምላጭ አይቆረጥም። ስኳር ባለበት እግር ላይ ደግሞ በፍጹም። የእግር ድንጋይም ቢሆን በቀስታ፣ ቁስል በሌለበት ቦታ፣ ደህና አድርጎ የሚያይ ሰው ቢይዘው ይሻላል። ስሜት ያጣን እግር መንከባከብ የሥጋ ደዌ ሕክምና ከስኳሩ በፊት የደረሰበት ጥበብ ነው። አለርትን በመሰሉ ሆስፒታሎች ለሕሙማን የሚነገረው ዛሬም ይሠራል፦ እግርህን በየቀኑ በዓይንህ እየው፤ እስኪያምህ አትጠብቅ። የውስጥ እግራቸውን ማየት ካቃታቸው መስታወት መሬት ላይ ያድርጉ፣ ወይም የልጅ ልጅ ይጠሩ። ከዚያ ትምህርት የማልወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግርን ለረጅም ጊዜ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ። ስኳር ላለበት ሰው አልመክረውም።

ቅባቱ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ተረከዝ የሚሰነጠቀው ደረቁ ቆዳ የሰውነትን ክብደት መሸከም ሲያቅተው ነው። ከኋላ ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ ተረከዙን ወደ ጎን ያፈሰዋል። ስኳር ደግሞ የእግርን ላብ ይቀንሳል፣ ቆዳው ውስጥ ውስጡን ይደርቃል። ተረከዙ የተሸፈነ፣ ለስላሳ፣ ሰፋ ያለ ጫማ ብትልኪላቸው ከሁለት ቱቦ ቅባት የበለጠ ትረጃቸዋለሽ። ደረቅ ያልነው የውስጥ እግር ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ቅርፊት ከሸፈነው ደግሞ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ አያሳክክም፣ ስለዚህ ድርቀት ብቻ ይመስላል። ዩሪያ ያለሰልሰዋል እንጂ አያድነውም።

«የደም ምርመራዬ ዩሪያ ከፍ ብሏል ይላል፣ ታዲያ ይሄን ቅባት ልተው?» ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። ደም ውስጥ የሚለካው ዩሪያ የኩላሊትን ሁኔታ ለማወቅ ነው። ተረከዝ ላይ የተቀባ 10 ፐርሰንት ቅባት ያንን ቁጥር አይቀይረውም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ጠንካራውን ዓይነት ሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይቀባ።

ወደ አንቺ ጥፍር እንምጣ። ዩሪያ ፈንገስ አይገድልም። የሚያደርገው የወፈረውን ጥፍር አልስልሶ ማንሳት ነው። ፈንገሱ የተደበቀበት ቤት ይፈርሳል፤ ነዋሪውን የሚያጠፋው ግን ሌላ መድኃኒት ነው። ይህን ሳያውቁ ጥፍራቸውን አሟሙተው «ዳንኩ» ያሉ ሰዎች ከወራት በኋላ ያው ቢጫ ጥፍር ተመልሶ ሲያድግ ያዩታል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ፈንገስ ነው ወይ? ወፍሮ ቢጫ ከሆነ ጥፍር ግማሽ ያህሉ ፈንገስ የለበትም። ጫማ የሚያጠብቀው ጥፍር ይወፍራል። ከባድ ነገር ወድቆበት ከሥሩ የተጎዳም እንዲሁ። ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመምም ጥፍርን ያወፍራል። ምርመራው ቀላል ነው። ከጥፍሩ ትንሽ ቆርጠው ወይም ከሥሩ ፍቀው፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምረው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ምንም ዓይነት የፈንገስ መድኃኒት ሳትጀምሪ አስመርምሪ፤ ከጀመርሽ በኋላ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ፈቃድ ማግኘት ለአንቺ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ጥፍር ግን ሳምንታትን የሚታገሥ ነገር ነው፣ የሚመቸውን ቀን ጠብቂ።

ጥፍርሽ ሥር ጥቁር መስመር ካለ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ብዙ ጥፍሮች ላይ ቡናማ መስመር ቢኖረን የተለመደ ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ቀለሙ ወደ ቆዳው የፈሰሰ ከሆነ ግን ካንሰር አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ምንም አይቀባበትም።

ፈንገስ መሆኑ ከታወቀ 40 ፐርሰንቱ ቦታውን አገኘ ማለት ነው። እግርሽን ለብ ባለ ውኃ አሥር ደቂቃ አቆይተሽ አድርቂ። የጥፍሩን ዙሪያ ሥጋ በወፍራሙ ቫዝሊን ቀቢ፤ አጥሩ እሱ ነው። ዩሪያውን ጥፍሩ ላይ ብቻ አድርጊና ውኃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍኚ። ፌስታሉን ተረከዝ ላይ ከልክዬ እዚህ ማሸግ መፍቀዴ እንዳይገርምሽ። እዚህ የምንፈልገው ማሟሟቱን ነው፣ ከሥሩም የወፈረ ጥፍር አለ። በማግሥቱ ፕላስተሩን አንሺ፣ የለሰለሰውን ብቻ ስል ባልሆነ ነገር ፋቂ፣ ታጥበሽ አድርቀሽ ድገሚው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። የታመመው ክፍል እየለሰለሰ ይነሳል፣ ደህናው ብዙም አይነካም። በጉልበት አትንቀዪ። ካመመሽ፣ ከደማ ወይም ዙሪያው ካበጠ አቁሚ። የታመሙት ብዙ ጥፍሮች ከሆኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሪ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የምትሠሪ ሰው ነሽ።

የታመመው ክፍል ከተነሳ በኋላ ነው ፈንገሱን የሚገድለው የሚመጣው። ቢፎናዞል 1 ፐርሰንት ከ40 ፐርሰንት ዩሪያ ጋር አንድ ላይ የተዘጋጀ ቅባት አለ። እሱን ካገኘሽ ሁለቱ ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ጥፍሩ ሲነሳ ቢፎናዞሉ ብቻውን ለአራት ሳምንት በየቀኑ ይቀጥላል። ፈንገሱ የጥፍሩን ሥር ከያዘ ወይም ብዙ ጣት ካዳረሰ ግን ቅባት አይበቃም። የሚዋጥ ተርቢናፊን ያስፈልጋል። ለእግር ጥፍር የተለመደው በቀን 250 ሚሊግራም ለ12 ሳምንት ነው። ጉበት የሚታይበት መድኃኒት ስለሆነ ሐኪም ሳያዝ፣ ከዚያ በፊት የጉበት ምርመራ ሳይደረግ እንዳትጀምሪው። ጓደኛሽ የተረፋት ፍሬ ቢኖራትም እንዳትወስጂ።

ትዕግሥት ይጠይቃል። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል። በሁለት ወር «አልሠራልኝም» ብለሽ አትተይው። ከሥሩ ንጹሕ፣ ቀጭን ጥፍር ብቅ ካለ መንገድ ላይ ነሽ። እስከዚያው መታጠቢያ ቤት ስታጥቢ ባዶ እግርሽን ወይም በረጠበ ጫማ አትቁሚ። ጥፍር መቁረጫሽን ለብቻሽ አድርጊ። እናትሽ ስኳር ስላለባቸው አንቺም ስኳርሽን ተለኪ፤ በቤተሰብ ይሄዳል፣ የጥፍር ፈንገስም ስኳር ባለበት ሰው ላይ ይበዛል። ስኳርሽ ከፍ ብሎ ከተገኘ ይህን የቤት ውስጥ ማሟሟት ተይው፣ ሐኪም ይሥራልሽ።

የቀረኝ የሌሎች ቅባቶች ነገር ነው። ዩሪያ ለሌላ መድኃኒት በር ይከፍታል፤ አብሮት የተቀባው ወደ ቆዳ ጠልቆ ይገባል። ሐኪም ይህን አውቆ ሲጠቀምበት ጥሩ ነው። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበት ማቅያ ቅባት ለምትቀባ ሴት ግን አደጋ ነው። እነዚያ ብቻቸውንም ቆዳ ያሳሳሉ። በረኪና የላጠው እጅሽ ላይም ዩሪያ ያቃጥልሻል። እዚያ ቫዝሊን፣ ከላይ የጥጥ ጓንት፣ ስትሠሪ ደግሞ የፕላስቲኩን ደርቢ። ፊትና የዓይን አካባቢ 40 ፐርሰንቱ ፈጽሞ አይደርስም። ለሕፃናት ደረቅ ቆዳም ቫዝሊን ይበቃል።

ዩሪያ ሙቀት ሲመታው እየፈረሰ አሞኒያ ይሆናል። ከኩዌት ሙቀት ተነስቶ ሻንጣ ውስጥ የከረመውን ቱቦ እስቲ ክዳኑን ከፍተው ያሽትቱት። ሽንት ሽንት ካለ ወይም ቅባቱ አሸዋ አሸዋ ካለ ይጣል። ካልሸተተም ወልድያ መቆየት የለበትም፤ ጎረቤት «ለእኔም ተረከዝ» ማለቱ አይቀርምና። የተመለሰ ሰው ካለ ይዞልሽ ይምጣ፣ ለጥፍርሽ ይሆንሻል።